ትራክተሩ ቆሞ ነበር

ግሬፕቫይን፣ ቴክሳስ
ኖቬምበር 8 ቀን 2009

ለተከበሩ አጎቴ አሻግሬ እንድሪስ
ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አጎቴ እንዴት ሰነበቱ? አክስቴ ሰኪናስ? ልጅዎ ማርዋስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። መጪውን አረፋ አላህ በጤናና በሰላም ያድርስዎ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለሥራ ጉዳይ ነው። በስልክ ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር፤ ግን መስመሩ እየተቆራረጠ ይህን ማስረዳት አይቻልም። ሥዕልም ስላለው በወረቀት ይሻላል አልኩ።

የምሠራው ያው ሆቴሉ ውስጥ ነው። ግቢውንና ፓርኪንጉን የምንይዘው ሁለት ሰዎች ነን። አንዲት ትንሽ ትራክተር አለችን፤ እርስዎ ባሌ ክፍለ ሀገር በመንግሥት እርሻ ከነዷቸው ጎን ብትቆም ጥጃ ነው የምትመስለው። በበጋ ሣር ታጭዳለች፣ በብርዱ ወራት ፊቷ ላይ አካፋ ተገጥሞላት በረዶ ትገፋለች። እዚህ በረዶ በዓመት አንድ ሁለት ቀን ቢመጣ ነው። ሲመጣ ግን ዝናቡ መሬት እንደነካ መስታወት ይሆናል።

ዘንድሮ ማናጀሬ ካታሎግ ሰጥታኝ ስተድ ምረጥ አለችኝ። ስተድ ማለት የጎማው ጥርስ ላይ እንደ ብሎን እየዞረ የሚገባ የብረት ሚስማር ነው፤ ጫፉ ወጣ ብሎ በረዶውን ይነክሳል። አጭር፣ መካከለኛና ረጅም አለው። ገጹን ቀድጄ ልኬልዎታለሁ። እሷ የኋላው ጎማ ይበቃል ትላለች፤ መግቢያው ላይ የተነጠፈው ቀይ ድንጋይ እንዳይጫር ፈርታ ነው። እስከ ዲሴምበር 20 ወስን ብላኛለች።

ከጓሮ ዕቃ ማራገፊያው ጋ ቁልቁለት አለ። ባለፈው ጃንዋሪ እዚያ ላይ ትንሽ ተንሸራትታብኝ ነበር። አልሐምዱሊላህ ምንም አልሆነም።

ሶ የምጠይቅዎ፣ የቱን ርዝመት ልምረጥ? የፊቱም ጎማ ያስፈልገዋል ወይ? ደግሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ትራክተር ለምን ጎኑን ይሰጣል? ጥፋቱ የነጂው ነው ወይስ የጎማው? ይህችን ነገር በደንብ ያስረዱኝ።

ዱዓዎ አይለየኝ።
የእህትዎ ልጅ ሲራጁዲን

ኮምቦልቻ
ኅዳር 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ሲራጁዲን

ወአለይኩም አሰላም። የሰማይና የምድር ጌታ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ አረፋን ከትናንት ወዲያ በሰላም ዋልን። አክስትህ ሰኪና ትመርቅሃለች። ይህን የምትጽፍልኝ ማርዋ ናት። ዐይኔን ሞራ እየያዘው ነው፤ ፊደሉ ይዋኝብኛል። ሐኪሙ ያዘዘልኝ ጠብታ እዚህ ጠፍቷል፤ ስሙን ማርዋ ከታች ጽፋዋለች፤ ካገኘህ ላክልኝ።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ እኔ በረዶ ላይ ነድቼ አላውቅም። ጭቃ ላይ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ። ጭቃና በረዶ ወንድማማቾች ይመስሉኛል።

ሚስማሩን ከመምረጥህ በፊት ጎማውን ለካ። የክብሪት እንጨት በሁለት ጥርሶች መካከል አቁመህ፣ ጥርሱ የሚደርስበት ላይ ምልክት አድርግ። ወደ ጎማው የሚገባው የሚስማሩ ክፍል ከዚያ ምልክት በደንብ ማጠር አለበት። ረጅም ጠንካራ ነው ብለህ ረጅሙን ብታስገባ ጎማህን ከውስጥ ይወጋዋል። ሁለተኛ፣ ጎማው አየር ነው ወይስ ውኃ አለበት? እኛ ክብደት እንዲሆን ውኃ እንሞላ ነበር። ውኃ ካለበት ትንሿ ቀዳዳም ጣጣ ናት።

የፊቱን በተመለከተ ሴትዮዋ ተሳስታለች። የኋላው ሲይዝ ይገፋሃል፤ የፊቱ ካልያዘ ግን መሪው እጅህ ላይ ይዞራል እንጂ ትራክተሩ አይዞርም። አካፋም ፊቱ ላይ አለ አልከኝ። አራቱንም ካላደረጋችሁ ቁልቁለቱን አትውረድ። ድንጋይ ቢጫር ይተካል።

ጎን የሚሰጠው ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ስለሆነ ነው፤ መሬቱን የሚይዘው ጎማው ነው። ጎማው መሬቱን ከለቀቀ ፍሬንህ የቆመ ጎማ ይዞ ይወርዳል። ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም፤ በትንሹ ማርሽ ቀስ ተብሎ ነው የሚወረደው። ጥፋቱ የማን ነው ላልከው፣ ይህ የጎማ ጥያቄ አይደለም። ምንም ካልሆነ ለምን ትጠይቀኛለህ?

አላህ ልብህን ያሳርፈው።
አጎትህ አሻግሬ

ግሬፕቫይን
ዲሴምበር 18 ቀን 2009

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ዐይንዎ እንዲህ መሆኑን ባለመስማቴ አዘንኩ። ጠብታውን ካሮልተን ያለች ነርስ የሆነች የአገራችን ልጅ፣ ኢክላስ ትባላለች፣ እሷ ታስገኝልኛለች፤ ወደ አገር በሚሄድ ሰው እልከዋለሁ።

እንዳሉኝ በክብሪት እንጨት ለካሁ። ጥርሱ ሃያ ሚሊሜትር ነው። ወደ ውስጥ አሥራ ሁለት የሚገባውን መካከለኛውን መረጥኩ። ጎማው አየር ብቻ ነው፣ ውኃ የለበትም። እስከዚህ ድረስ ኦኬ ነው።

የፊቱ ግን አልሆነም። ለማናጀሬ አራቱም ይሁን አልኳት። ለምን አለችኝ። መሪው አይታዘዝም አልኳት። "ባለፈው ዓመት ያለ ምንም ስተድ ሠርተሃል፤ ትራክተሩ ችግር ፈጥሮ ያውቃል?" ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኔን ካታሎጉ ላይ ጣልኩ። ችግር ከሌለ ለፊቱ አልፈርምም አለች። የኋላው ብቻ ታዘዘ።

በዚያ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ባለፈው አልጻፍኩልዎትም። ባለፈው ጃንዋሪ ከእኔ ጋር የሚሠራ ብርሃኔ የሚባል የጎንደር ሰው ነበር። በሱዳን በኩል የመጣ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ትሑት ሰው ነው። በረዶው በጣለ ማግስት ቁልቁለቱ ላይ ጨው ሲበትን ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። አንሸራትቶት ነው አሉ። ትራክተሩ ቆሞ ነበር። አሁን በከዘራ ነው የሚሄደው፤ ኤርፖርት የሚነዳውን ሻትልም አቁሟል። አንዳንድ ቅዳሜ እጠይቀዋለሁ። ስሄድ በጣም ይደሰታል። ሚስቱ ወለተጊዮርጊስ ከሥራ ጓደኞቹ ያልረሳኸው አንተ ብቻ ነህ ትለኛለች።

ይኸው ነው። እንዳያስቡ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።

ሲራጁዲን

ኮምቦልቻ
ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም.

ሲራጁዲን ልጄ

አላህ የተደበቀውን ያውቃል፤ እኛንም ከምንደብቀው ነገር ይጠብቀን።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ ቢያስቸግርህ ታገሥ። መስመሩን ለማግኘት ከጽሑፉ ሥር ማስመሪያ እያስጠጋሁ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ለማርዋ ልነግራት አልፈለግሁም።

በመጀመሪያው ደብዳቤህ ትራክተሩ ተንሸራተተብኝ አልከኝ። በሁለተኛው ቆሞ ነበር አልከኝ። ቦታው አንድ ነው፣ ወሩም አንድ ነው። ማርዋ ስታነብልኝ ይህ አልታያትም። ለእኔ ግን ታየኝ፤ እንዲህ ያለውን ቃል አውቀዋለሁና።

በ1975 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። በእርሻው ሙሉጌታ የሚባል ሜካኒክ ነበር። ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣል። ሞተር ድምፁን ሰምቶ በሽታውን የሚነግርህ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ትራክተሬን ከወርክሾፑ በላይ ያለው ዳገት ላይ አቆምኩት። ዝናብ ነበር። ፍሬኑን ጎተትኩ፣ ግን እስከ መጨረሻው አልጎተትኩም። ከጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ ደንብ ነው፤ ድንጋዩ ከእኔ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ነበር። ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ሙሉጌታ ዘይት ሊያፈስ ሥሩ ገባ።

ስንወጣ ትራክተሩ ታች ነበር።

የእርሻው ኃላፊ ፍሬኑን ማን ለቀቀው ብሎ ጠየቀኝ። "ሙሉጌታ ራሱ ይሆናል" አልኩ። "ይሆናል" ነው ያልኩት፤ ወረቀቱ ላይ ግን "ነው" ተብሎ ተጻፈ። አንብብና ፈርም አሉኝ፤ አንብቤ ፈረምኩ። በራሱ ጥፋት ሞተ ስለተባለ ሚስቱን አባይነሽን ከሁለት ልጆቿ ጋር ከእርሻው ቤት አስወጧት። ዕቃቸውን መኪና ላይ ስትጭን በመስኮት አይቻታለሁ። ወጥቼ አላገዝኳትም።

ሃያ ሰባት ዓመት ሆነ። ሶላቴን አላቋረጥኩም፣ ሐጅ አልደረስኩም እንጂ የቻልኩትን ሁሉ አድርጌያለሁ። ግን ሱጁድ በወረድኩ ቁጥር ያ ዳገት ይመጣብኛል። ይህን ለአክስትህም ነግሬያት አላውቅም።

ጠብታውን ተወው፤ አትጨነቅበት። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ብርሃኔ ምን እንደመታው ያውቃል?

አሻግሬ

ግሬፕቫይን
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2010

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎ በጃንዋሪ መጨረሻ ነው የደረሰኝ። ወዲያው ያልመለስኩት ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ነው። አሁን የሚጻፍ ነገር አለ።

አያውቅም ነበር። መልሴ ይህ ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። ያን ጠዋት ጨውና አሸዋ እስኪበተን ጠብቅ ተብዬ ነበር። የቁርስ ዕቃ የጫነ መኪና ስለቆመ ቸኮልኩ። ብርሃኔ ከታች ጀርባውን ሰጥቶኝ ጨው ይበትናል። ፍሬን ያዝኩ፤ እርስዎ እንዳሉት የቆመ ጎማ ይዞ ወረደ። ጎኑን ሰጠና በኋላው ጎማ መከላከያ መታው። ግድግዳው ጋ ስደርስ ቆመ። ብርሃኔ ራሱን ስቶ ነበር። የዚያን ጊዜው ሱፐርቫይዘር እየሮጠ መጥቶ "ትራክተሩ ቆሞ ነበር፣ አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩ። ብርሃኔ ሆስፒታል ሲነቃ ወድቀህ ነው አሉት። እሱም አመነ።

ደብዳቤዎን ባነበብኩ በሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ብርሃኔ ወደሚኖርበት ወደ ካሮልተን ሄድኩ። ፓርክ አድርጌ መኪናው ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ወለተጊዮርጊስ በመስኮት አይታኝ ወጥታ አስገባችኝ። ቁጭ ካልኩ በኋላ ምግብ ሳይቀርብ ልናገር ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሚስቱም ቆማ ሰማች።

ብርሃኔ ከዘራውን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ "ምን ነበር የመታኝ?" አለኝ።

"የኋላው ጎማ መከላከያ" አልኩት።

"ጮኸህልኝ ነበር?"

"ጮኼ ነበር። የሰማህ አልመሰለኝም።"

"ሶ እኔ አልወደቅኩም" አለ። ይህን የተናገረው ለእኔ አልነበረም፤ ዞሮ ለሚስቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለምን ተጠንቅቀህ አልረገጥክም እያለች ስትወቅሰው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውስጥ ገባች። ብርሃኔ ከዘራውን ይዞ ተነሣ፤ በሩን ከፈተልኝ። "አሁን ሂድ" አለኝ። ስድብ ቢናገረኝ ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ ማናጀሬ ዘንድ ገባሁ። ባለፈው ዓመት ስለ ብርሃኔ የፈረምኩት ሪፖርት ውሸት ነው፤ አዲስ ልጽፍ እፈልጋለሁ አልኳት። ምን እያደረግህ እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። አውቃለሁ አልኩ። በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ስፔሊንጉ ትክክል መሆኑን አላውቅም። አንብባ ስትጨርስ መሳቢያዋን ከፍታ ያንን የስተድ ትዕዛዝ አወጣችና ለፊቱ ጎማ ፈረመች። በፈጣን መላኪያ አዘዘችው። ከዚያ ጠበቆቹ እስኪጠሩህ ቤትህ ቆይ አለችኝ።

ፌብሩዋሪ 11 ሐሙስ፣ እዚህ የቆዩ ሰዎች እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም ያሉት በረዶ ጣለ። ቀኑን ሙሉ ወረደ፤ ጉልበት ሊደርስ ምንም አልቀረው። ትራክተሯን በረዶ ላይ የነዳ ሌላ ሰው ስለሌለ ማናጀሬ ጠዋት ኮል አደረገችልኝ። ለዛሬ ብቻ ና አለችኝ። ሚስማሩን ከአንድ ቀን በፊት ሌላ ሰው አስገብቶት ነበር። እያንዳንዱን በእጄ ነካክቼ የላላውን አጠበቅሁ። ከዚያ ከቁልቁለቱ ላይ ሆኜ፣ ታች ማንም ሰው እንደሌለ አረጋግጬ፣ በትንሹ ማርሽ ወረድኩ። አራቱም ያዙ። መሪውን ዞር ሳደርገው ዞረ። ታች ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ይኸው ነበር አጎቴ፤ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ። አንድ እፍኝ ሚስማር ነው።

አርብ ዕለት ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ሥራዬ አብቅቷል። አንዳንድ ሰዎች ሊከሱህ ይችላሉ ይሉኛል፤ የሚመጣውን አያለሁ። ፎርት ዎርዝ መጋዘን ውስጥ ሰው ይፈልጋሉ ብለውኛል፣ ነገ እጠይቃለሁ። የብርሃኔን ጉዳይ ኢንሹራንሱ እንደገና ከፍቶታል፤ ዳሌው በትክክል ስላልገጠመ ሁለተኛ ኦፕሬሽን ይደረግለታል። ይህን የነገረችኝ ወለተጊዮርጊስ ናት፤ ደውላ ይህን ብቻ ነግራኝ ዘጋች። እሱ ራሱ እስካሁን አልደወለልኝም። እኔም አልደወልኩም። ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም።

ጠብታው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ በራእ የሚባል የደሴ ልጅ ይዞልዎት ይመጣል።

አላህ ለእርስዎም ይክፈትልዎ።
ሲራጁዲን

ኮምቦልቻ
መጋቢት 21 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲራጁዲን

የሰላም ባለቤት የሆነው ጌታ ሰላሙን አይንሳህ። ሥራህን ማጣትህ አሳዝኖኛል፤ ከዚህ የከበደ ነገር አለማጣትህ ደግሞ አስደስቶኛል። ጠብታው ደርሶኛል። በራእ ጨዋ ልጅ ነው።

ዛሬ የምትጽፍልኝ ማርዋ ናት። ሁሉን ነግሬያታለሁ፤ ለአክስትህም ነግሬያለሁ። ሰኪና ሰምታ ስትጨርስ "ታዲያ ለምን እዚህ ትቀመጣለህ?" ነው ያለችኝ።

አዳማ ውስጥ ሳሙኤል የሚባል የድሮ የእርሻው ሾፌር አለ። ደወልንለት። አባይነሽ ከተማው ውስጥ እንዳለች፣ ልጇ ጋራዥ እንደከፈተ ነገረን። ማርዋን ይዤ በአውቶቡስ ሄድኩ። አዲስ አበባ አድረን በማግሥቱ አዳማ ደረስን። መንገዱን አላየሁትም፤ ማርዋ እዚህ ደረስን እያለች ትነግረኝ ነበር።

አባይነሽ በድምፄ አወቀችኝ። አርጅታለች። ጾም ስለሆነ ሽሮ አቀረበችልን። እጄን ሳልታጠብ "የመጣሁበትን ሳልናገር አልበላም" አልኳት። ጀመርኩ። እሷ ግን ፍሬኑ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

"ለእኔ አትንገረኝ" አለች። "እኔ ባሌን አውቀዋለሁ፤ ፍሬን አይለቅም ነበር። ልጆቼ ናቸው አባታችን በራሱ ጥፋት ሞተ እየተባሉ ያደጉት። ለእነሱ ንገራቸው።"

ተላከባቸው። ሴቷ ዜማ መጀመሪያ መጣች። ወንዱ ማቲዎስ ከጋራዡ እጁን ሳይታጠብ መጣ፤ የዘይቱን ሽታ ሰማሁት። አባቱ ሲሞት ሦስት ዓመቱ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ስለ ድንጋዩም፣ ሃያ እርምጃ መሆኑንም፣ ሻይ ልጠጣ መግባቴንም፣ በመስኮት እናታቸውን ማየቴንም። ዜማ ታለቅስ ነበር። ማቲዎስ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ።

"ፍሬኑን የለቀቀው አባቴ አይደለም?"

"አይደለም" አልኩት። "እኔ ነኝ በደንብ ሳልጎትት የተውኩት። ከኃላፊውም ፊት የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ተነሥቶ ወጣ። ግቢው ውስጥ ሲመላለስ ኮቴውን እሰማ ነበር። ረጅም ጊዜ ቆየ። ማርዋ እጄን ይዛ እንሂድ አለችኝ። እኔም ተነሣሁ። በሩ ጋ ስንደርስ እሱ ተመልሶ ቆሟል።

"ማደሪያ አላችሁ?" አለ።

ሳሙኤል ዘንድ እንሄዳለን አልኩት።

"ሳሙኤል ሩቅ ነው። እርስዎም አያዩም" አለ።

አላቀፈኝም። ይቅር ብዬሃለሁም አላለኝም። ወደ ውስጥ ገባ፣ ከራሱ አልጋ ላይ ፍራሹን አንሥቶ አመጣና ግድግዳው ሥር አነጠፈልኝ። ዞሬ የምሰግድበት ቂብላ ወዴት እንደሆነ ለማርዋ አሳያት። ያን ዕለት በሙሉጌታ ቤት አደርሁ።

አጎትህ አሻግሬ እንድሪስ